ዕረፍት እንደ ጠባይ

ባጃጅ በከሚሴ መንገድ ላይ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በኅዳር ወር አንድ ረፋድ ላይ፣ ፈይሰል የሚባል የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ የእናቱን የምርመራ ውጤት ይዞ ከደሴ ወደ ከሚሴ ይመለስ ነበር። ሚኒባሱ ሰው ሊሞላ ኮምቦልቻ ላይ ሲቆም አንዲት ሻርፕ የተከናነበች ወጣት ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰላምታ ሰጥታው ፊቱን አየት አደረገችና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጋሼ ፈይሰል አይደሉም?" አለችው።

የድሮ ጎረቤቱ የልብስ ሰፊው የሙሳ ልጅ ሰልማ ነበረች። ሲያውቃት ደብተር አዝላ የምትሮጥ ሕፃን ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና ተምራ፣ ተመልሳ በከሚሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የጨነቃቸውንም ተማሪዎች ታማክራለች።

ፈይሰል ወሬ መጀመር የሚከብደው፣ የተጀመረውንም ቶሎ የሚቋጭ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ እንኳ ደንበኛ የጠየቀውን መልሶ ሌላ ቃል አይጨምርም። የዚያን ቀን ግን ሆዱ ሞልቶ ነበርና፣ ሰልማ "እትዬ ዑሙልኸይር ደህና ናቸው?" ስትለው የያዘውን ሁሉ ዘረገፈላት። እናቱ ከረመዳን ወዲህ እህል አይወስዱም፤ ሰውነታቸው አልቋል፤ ቢያናግሯቸው "አላህ ይስጥህ" ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። ሐኪሙ ደማቸውንም ኩላሊታቸውንም አይቶ፣ ከጉልበት ሕመም በቀር ያገኘሁት ነገር የለም፣ እድሜ ነው ብሎ ሸኝቶታል።

"እድሜ እህል አይከለክልም" አለ ፈይሰል። "ለዚህ ነው ያልገባኝ።"

ሰልማ አዳምጣው ስታበቃ፣ "እትዬን ደስ የሚላቸው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"ሥጋ እንኳ አታዘወትርም። ወተት ነው የምትወደው።"

"ስለ ምግቡ አይደለም፣ ጋሼ። ሥራ ሲፈቱ ምን ማድረግ ይወዳሉ?"

"እናቴ ሥራ ፈትታ አታውቅም" አለ ፈይሰል፣ በኩራትም በኀዘንም። ወይዘሮ ዑሙልኸይር ባላቸው ከሞተ ጀምሮ በባቲ ገበያ ቅቤ እየነገዱ ነው እሱንና እህቶቹን ያሳደጉት። ልጅ ራሱን ሲችል እናቱን ማሳረፍ አለበት ብሎ፣ ጉልበታቸው መታመም ሲጀምር እቃቸውን አስጭኖ ከሚሴ አመጣቸው። ከግቢው በስተኋላ፣ ከመንገዱ ጫጫታ ርቆ፣ አዲስ ክፍል ሠራላቸው። ፍራሹ አዲስ ነው፤ ቴሌቪዥን ገብቷል፤ የምታገለግላቸው ሠራተኛ አለች። ጎረቤቶችም እየመጡ በወሬ እንዳያደክሟቸው አስጠንቅቋል።

"ያላደረግሁት ነገር ካለ ንገሪኝ" አላት።

"ያደረጉት ሁሉ የጥሩ ልጅ ሥራ ነው። ግን ይቅር ይበሉኝና፣ ሰው መካከል የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሲገባ እስራት እንዳይሆንበት እፈራለሁ።"

ፈይሰል ቃሉ ከነከነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ሐርቡን አልፈው የጨፋ ሜዳ እስኪታይ ድረስ መንገዱን ይመለከት ነበር። ከሚሴ ሲወርዱ ሰልማ በትህትና፣ ከእናቷ ጋር እትዬን ልትጠይቅ እንደምትመጣ ነገረችው። ጠያቂ አይመለስምና እሺ አላት።

ቤቱ እንደ ደረሰ ወደ እናቱ ገባ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተጋድመዋል፤ የቀረበላቸው ምሳም ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሐኪሙ ያለውን ነገራቸው።

"አላህ ይስጥህ" አሉት። ቀጥለውም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ወደ ባቲ መልሰኝ" አሉ።

"ባቲ ማን አለሽ፣ እማ? ቤቱ ተዘግቷል።"

"ገበያው አልተዘጋም።"

ፈይሰል በዚህ ጉልበት ገበያ እንደማይታሰብ፣ ሰውም እንደሚታዘበው ሊያስረዳቸው ሞከረ። ወይዘሮ ዑሙልኸይር ጨርሶ እስኪናገር ታገሡትና፣ "አሳረፍከኝ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ። ያረፈ ሰው ግን የት እንደሚወስዱት አንተም ታውቃለህ" አሉት። ፈይሰል የቀዘቀዘውን ምሳ አንሥቶ ወጣ።

ሚስቱ ረቢአ ቀደም ብላ፣ "እማ ሰው የናፈቃቸው ይመስለኛል" ብላው ነበር። እሱ ግን የደከመ ሰው ጸጥታ እንጂ ሌላ ምን ይናፍቀዋል ብሎ ነገሩን አልፎት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈይሰል የሱቁን አንድ ቁልፍ ረስቶ ሊወስድ ወደ ቤት ሲመለስ ከኋለኛው ክፍል ሳቅ ሰማ። ጠጋ ብሎ ቆመ። የእናቱ ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ዑሙልኸይር ከሰልማና ከእናቷ ከዓዲላ ጋር አማርኛውን ከኦሮምኛው እያደባለቁ፣ አንዲት የአፋር ሴት ቅቤዋን አልሸጥም ብላ እስከ ከሰዓት እንዴት እንዳከራከረቻቸው፣ በመጨረሻም ተኳርፈው መሄድ ሲገባቸው እንዴት ተቃቅፈው እንደተለያዩ ያወሩ ነበር። ሴትየዋ ስትቆጣ ትናገረው የነበረውን በድምፅዋ አስመስለው ሲናገሩ ዓዲላ ሳቋን መግታት አቃታት። ፈይሰል እናቱን እንዲህ ሲጫወቱ ከሰማ ወራት አልፈዋል። እንግዶቹ ሲወጡ ሠራተኛዋ ያነሣችው ሳህን ባዶ ነበር።

ዓዲላ ከረቢአ ጋር ወደ ማድ ቤት ስታመራ ፈይሰል ሰልማን በረንዳው ላይ አስቀመጣት። በልቡ ደስ ብሎታል፤ መሸነፍ ግን አልፈለገም።

"ሰው ስታይ ደስ ብሏታል፣ አልካድኩም" አላት። "የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ። ደስታና ዕረፍት ግን ይለያያሉ። ለደከመ ሰው ዕረፍቱ ጸጥታ ነው። ይህ ለሁሉም አንድ ነው።"

"እርስዎ ሲደክምዎት ምን ያደርጋሉ?" አለች ሰልማ።

ፈይሰል ቦርከና ወንዝ ዳር ማንጎ የተከለበት ትንሽ መሬት እንዳለችው፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ ስልኩን ዘግቶ እዚያ እንደሚሄድ፣ ውኃ ከማጠጣትና ዝም ብሎ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው ነገራት። "ከዚያ ስመለስ አዲስ ሰው ነኝ" አለ።

"ሠርግ ቤት ሲውሉስ?"

"ራሴን ያመኛል። ለወግ ነው የምሄደው።"

"እትዬስ ሠርግ ውለው ሲመለሱ?"

ፈይሰል የድሮውን አስታወሰ። እናቱ ከሠርግ ሲመለሱ እያንጎራጎሩ ነበር ቤቱን የሚያሰናዱት። ከጎህ ጀምረው በባቲ ፀሐይ ቆመው የዋሉ ዕለት እንኳ፣ ማታ የገበያውን ወሬ ለልጆቻቸው ሳይተርኩ አይተኙም ነበር። እሱ እንደዚያ ቢውል ኖሮ ሁለት ቀን ይተኛ ነበር።

"እንግዲህ ጋሼ" አለች ሰልማ ለስለስ ብላ፣ "ለእትዬ የሰጧቸው የእርስዎን ዕረፍት ነው።"

ደግ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሳሳተው። ክፉ ሰው ለሌላው የሚጠላውን ይሰጣል፤ ደግ ሰው ደግሞ ራሱ የሚወደውን ይሰጥና፣ ተቀባዩ ሲከፋው ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል። ፈይሰል ለራሱ የሚመኘውን ጀነት አሳምሮ ሠርቶ እናቱን አስገባቸው፤ የእሳቸው እንዳልሆነ ማን ይንገረው?

ፈይሰል ግን ሌላ ነገር አሳሰበው። "እንዲህ ከሆነ የታመምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው" አለ። ልጅ ሳለ ከእኩዮቹ ተለይቶ ብቻውን ስለሚቀመጥ እናቱ ጂኒ ለክፎታል ብለው ቁርኣን ያስነበቡለት፣ የተነበበበትንም ውኃ ያጠጡት ትዝ አለው። አሁንም ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘው በርጫ ሲቀመጡ ካልመጣ ኮራብን ይሉታል፤ እሱም እንዳይታማ እየሄደ፣ እየከበደው ይቀመጣል።

"በሽታ አይደለም" አለችው። "ባቲ ግመሉም በሬውም ይመጣል። ግመሏን ደጋ አውጥተው ቢያስሯት ትከሳለች፤ በሬውንም ከቆላው በረሃ ቢያውሉት እንዲሁ ነው። ማን ታመመ ይባላል? ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ የታሰሩበት ቦታ ነው ያልተስማማቸው። የሰውም ጠባይ እንደዚያ ነው። አንዱ ከሰው ጋር ሲውል ኃይል ያገኛል፤ ሌላው ከሰው ጋር ሲውል ያለውን ይጨርሳል፤ ጸጥታ ነው የሚሞላው።"

"ከሁለቱ በሕይወቱ የበለጠ ደስ የሚለው ማነው? ትምህርታችሁ ይህን አይልም?"

ሰልማ ሳትሸሽግ መለሰችለት። ሰዎች በሕይወታችሁ ምን ያህል ረክታችኋል ተብለው ሲጠየቁ፣ ሰው ወዳዶቹ ብዙ ጊዜ ከዝምተኞቹ የተሻለ ረክተናል ይላሉ። ነገር ግን የአገሩ መዝናኛ ሁሉ፣ ሠርጉም በርጫውም ገበያውም፣ ለእነሱ እንደሚመች ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ዝምተኛው የእሱ ባልሆነ ደስታ ውስጥ ተቀምጦ ለምን አልሳቅህም ይባላል። ለጠባዩ የሚስማማውን ሲያገኝ ግን እርካታው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከሰው ይራቅ ማለት አይደለም፤ ከሚወዳቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ጥቂት ሰዓት ቢቀመጥ ይጠቅመዋል፤ ሰው ወዳዱም ጥቂት ጸጥታ ይጠቅመዋል።

"ከሁለቱም የሚብሰው ሌላ ነው" ብላ ቀጠለች። "ስጋት የሚያበዛ ሰው አለ። እሱ ሰው መካከልም ቢሆን፣ ወንዝ ዳርም ቢሆን፣ 'ሰው ምን ይለኛል' እያለ ደስታው ያመልጠዋል። እርስዎ ወንዙ ዳር ሲቀመጡ በርጫ ስለቀሩ አይከነክንዎትም?"

ፈይሰል እንደሚከነክነው አልካደም። ወደ መጨረሻው ምሽጉም ሸሸ። "ጀነት ከእናት እግር ሥር ናት ተብለናል። የእናቴን እግር በስተርጅና የገበያ አፈር ላስረግጠው?"

"እግራቸው የት መርገጥ እንደሚፈልግ ይጠይቋቸው።"

"ሽማግሌዎቹ 'ፈይሰል እናቱን ማብላት አቃተው' ይላሉ።"

"አሁንም 'እናቱን ሸሸጋት' እያሉ ነው። ሰው ማለቱ አይቀርም፣ ጋሼ። እትዬ ግን ወይ ይበላሉ፣ ወይ አይበሉም።"

ፈይሰል ወዲያው ማመን ጠባዩ አልነበረምና፣ "አንድ ሰኞ እወስዳታለሁ፤ ብትታመም ግን አንቺን ነው የምጠይቀው" አለ። ሰልማም በጸጋ ተቀበለች።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ፈይሰል ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ትራስና ውኃ ይዞ፣ እናቱን ደግፎ አወረዳቸው። የድሮ የገበያ ጓደኛቸው ኡምኩልሱም ከሩቅ አይታቸው ቅቤዋን ጥላ እየሮጠች መጣች። ሞተዋል ተብሎ ተወርቶ ኖሯል። አቅፋ አለቀሰች፤ ቀጥሎም ከዳሷ ሥር ቦታ ለቀቀችላቸውና ተቀመጡ። ወሬው ገበያውን ሲዳረስ ያልመጣ አልነበረም። ከቆላው የወጡ የአፋር ሴቶች እጃቸውን እየሳሙ፣ ከዘመድ እስከ ከብት፣ ከዝናብ እስከ ግጦሽ አንድም ሳያስቀሩ ጠየቋቸው፤ ያለውን ወሬ ሁሉ ነገሯቸው።

ወይዘሮ ዑሙልኸይር የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። አንዷ ቅቤዋን አምጥታ ስታሳያቸው ግን ቆንጠር አድርገው በእጃቸው ጀርባ ላይ አሹና አሸተቱ፤ "ለጋ ነው ብለሽ አትሸጪ፣ ሰንብቷል" አሏት። ሴትየዋ ተከራከረች፤ እሳቸውም ተከራከሩ፤ ዙሪያው ሳቀ። ትከሻቸው ቀና ብሎ፣ ፊታቸው ወዝቶ ነበር። ማንም ሳይለምናቸው የኡምኩልሱምን ቂጣ ቆርሰው በሉ።

ፈይሰል ቆሞ ያያል። አቧራው፣ የግመሉ ጩኸት፣ የሚጋፋው ሰው ራሱን ጠፍንጎ ይዞታል፤ ግን እናቱን ጥሎ መሄድ አልወደደም። ወይዘሮ ዑሙልኸይር ቀና ብለው አዩት።

"አንተ ምን ታደርጋለህ እዚህ?"

"ካንቺ ጋር ልሁን ብዬ ነው፣ እማ።"

"ገበያ ለአንተ አይሆንህም። ልጅ ሆነህም ይዤህ ስመጣ ታለቅስብኝ ነበር። ሂድ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጥ፤ ስጨርስ አስጠራሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ።"

ፈይሰል ከገበያው ዳር ወጣ ብሎ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጠ። የገበያው ድምፅ ከሩቅ እንደ ወንዝ ይሰማል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብቻውን በመቀመጡ ማንም አልታዘበውም፤ እናቱ ናቸው ያሰናበቱት። እሳቸው እዚያ፣ እሱ እዚህ፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት አረፉ።

ማግስቱን ወይዘሮ ዑሙልኸይር ጉልበታቸው አብጦ አደረ። ፈይሰል ደነገጠ፤ አጠፋሁ ብሎም ተጸጸተ። እሳቸው ግን ገንፎ አስሠርተው እየበሉ፣ "ጉልበቴ ድሮም ያመኛል። ልቤን ነበር ያመመኝ፤ እሱ ተሽሎታል" አሉት።

ባቲ ለጉልበታቸው ሩቅ ነበርና በየሳምንቱ መሄዱ አልሆነም። ፈይሰል ግን ከሰልማና ከረቢአ ጋር ተማክሮ እናቱን፣ "የት መዋል ትወጂያለሽ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳያስቡ፣ "መንገድ ዳር" አሉት። ከግቢው በር ላይ ካለው ሱቁ ጎን ቆርቆሮ ያስቀምጥበት የነበረውን ክፍል አስለቅቆ፣ በሩን ወደ አስፋልቱ አዙሮ አዘጋጀላቸው። ከባቲና ከጨፋ ሮቢት የሚመጡ ሴቶች ቅቤያቸውን እዚያ ያሳርፋሉ፤ እሳቸው ይመርጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያስታርቃሉ። መንገደኛው በኦሮምኛ፣ "አካም ጂርቱ?" ብሎ ደህንነታቸውን ሲጠይቅ፣ መልሳቸው ከግቢው ውስጥ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ሲደክማቸው ጫጫታ የሌለበት ያ የኋለኛው ክፍል ለጥቂት ሰዓት ይጠቅማቸዋል። እርጅናቸው አልተነሣላቸውም፤ እህል ግን ይወስዳሉ።

ፈይሰልም ለጓደኞቹ፣ አልንቃችሁም፣ እወዳችኋለሁ፣ በርጫ ግን ያደክመኛል፤ የሚፈልገኝ ሰው ወንዝ ዳር ይምጣ ብሎ ነገራቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ ደግሞ፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ ብሎ አልፎ አልፎ መምጣት ጀመረ። ሁለቱ ማንጎውን ውኃ ሲያጠጡ እምብዛም አይነጋገሩም፤ ሲለያዩ ግን ደስ ብሏቸው ነው።

እንዲህ ሲኖሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኢብራሂም ሊገሥጹት ወደ ሱቁ መጡ። በአክብሮት ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ያረጀችን እናት መንገድ ላይ ማዋል ለቤተሰቡ ስም እንደማይሆን፣ አባቱ በሕይወት ቢኖር እንደማይፈቅድ በሰፊው ተናገሩ። ፈይሰል ሳያቋርጥ አዳመጣቸው። በዚያው ቅጽበት ከጎን ክፍል የእናቱ ሳቅ ተሰማ፤ ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደዚያ አዘነበሉ።

"ሼሁ" አለ ፈይሰል፣ "እኔም እንደ እርስዎ ነበር የማምነው። እናቴን ከሰው ሸሽጌ ጸጥ ባለ ክፍል አስቀመጥኳት፤ ልትሞትብኝ ነበር። ጸጥታ የምወደው እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። ክብሯን የጠበቅሁ መስሎኝ የጠበቅሁት የራሴን ስም ነበር። ሰው ዕረፍቱ እንደ ጠባዩ ነው። ወዳጁ ሊያሳርፈው ከፈለገ መጀመሪያ ጠባዩን ይወቅለት፤ ካላወቀ ደግሞ ይጠይቀው።"

ሼህ ኢብራሂም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥቶ እሳቸው ዘንድ ስለሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ነገሩት። እንዳይተክዝ ብለው በየቀኑ ከሽማግሌዎች መካከል ያስቀምጡታል፤ እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ እየጠወለገ ነው። "ከመጽሐፍ ጋር ሲያድር ነው ደህና የሚሆነው" አሉ፤ ይህን የተናገሩት ለራሳቸውም አሁን ገና እንደ ገባቸው ሆኖ ነበር።

"አርብ ወንዝ ዳር ይምጣ" አለ ፈይሰል። "መጽሐፉንም ይያዝ። አላናግረውም።"

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ተነሡ። ሲወጡ በወይዘሮ ዑሙልኸይር በር በኩል አልፈው ሰላም አሏቸው፤ እሳቸውም ሳይለቋቸው አስቀምጠው ያለውን ወሬ ሁሉ አወሩላቸው። ሼህ ኢብራሂም ከዚያ የተነሡት የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ነው።

በከሚሴ ቤቶች እንዲህ ያለ ስሕተት ዛሬም አይጠፋም፤ ዝምተኛው ልጅ ኮራ ይባላል፣ ተጫዋቿ አሮጊት ዕረፍት አታውቅም ትባላለች። በፈይሰል ቤት ግን ይህ ከቀረ ወዲህ ሦስት ነገር ተገኘ፦ እናት እህል በሉ፣ ልጅ ያለ ጸጸት አረፈ፣ ሚስቱ ረቢአም ባሏ ከወንዙ ሲመለስ የሚያወራላት ነገር ይዞ እንደሚመጣ አየች። ረቢአ ለዓዲላ እንደነገረቻት፣ ከሦስቱ የመጨረሻውን ማንም አልጠበቀውም ነበር።